ቀየርኩት ያልከኝ መርከብ

ደርዬ፣ የሜሮን አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የገላኑ ቤታችን እንደተውከው አይደለም፤ ሳሎኑን ቀለም አስቀብቻለሁ። ሜሮን ኮሌጅ ገብታለች፣ በቁመትም በልጣኛለች። ውሃው ግን አሁንም እንዳሰኘው ነው የሚመጣው።

እስካለፈው ወር ድረስ ባንተ ቅሬታ አልነበረኝም። ባሕር ወሰደብኝ ብዬ ፈጣሪዬን ብቻ ነበር የምጠይቀው። ከዚያ ሙስጠፋ መጣ። ሞተር ክፍል አብሮህ ይሠራ የነበረው ሙስጠፋ፣ ከአደጋው ወዲህ ባሕር በቃኝ ብሎ አቃቂ በሰቃ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቷል። ሻዩን ሳይነካ፣ «እህቴ፣ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ደረጀ መርከብ አልቀየረም ነበር» አለኝ።

አልቀየርክም ነበር!

ያ አንተ ራስህ የምትፈራው አሮጌ መርከብ! እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ አስረድተኸኛል። ሞተር ቀን ከሌት የሚችለው ጉልበት አለው፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚችለው ሌላ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሞተሩንም ራሱንም ያጠፋል አልከኝ። የዚያን መርከብ ሞተር መርማሪዎች አርጅቷል ብለው ገደቡን ዝቅ እንዳደረጉት፣ ካፒቴኑ ግን ለመፍጠን ሲል እንደማይሰማም ነገርከኝ። አልቅሼ ለመንኩህ፤ መርከብ እቀይራለሁ ብለህ ማልክልኝ። ኋላ ደውለህ፣ «ዓለምዬ፣ አዲስ መርከብ ላይ ነኝ፤ አታስቢ» አልከኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቅህ አመንኩህ።

አዲሱ ላይ ረዳት ልትሆን ነበር አሉ፤ አሮጌው ላይ ዋና መሐንዲስ አደረጉህ። ለማዕረግ ነው የዋሸኸኝ? እኔ መቼ ማዕረግ ጠየቅኩህ?

በአደጋው ቀን፣ በማዕበል መሐል ካፒቴኑ ኃይል ጨምር ሲልህ መጀመሪያ እምቢ ብለሃል። ሲጮህብህ ጨመርክ። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል እነ ሙስጠፋን ወደ ላይ አስወጥተህ ብቻህን ቀረህ፤ ፈነዳ። ሙስጠፋ ይህን ሲነግረኝ ተንሰቀሰቀ። እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ለእነሱ አደጋውን ነግረህ ውጡ አልካቸው፤ እኔን ግን በውሸት አባበልከኝ።

ከሜሮን ልደብቀው አሰብኩ፤ ያንተን ሥራ መድገም ሆነብኝና ነገርኳት። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶህን አየችና፣ «ታዲያ ፎቶውን እናውርደው?» አለች።

አላወረድነውም። ሰዎቹን ማዳንህንም፣ እኔን መዋሸትህንም እስክሞት አልረሳም። ይቅር ማለቱ ግን ገና ነው ደርዬ፤ ታገሠኝ።

ዓለም