ኩርፊያ እንቁላሎቿን እንዴት እንዳሞቀች

ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ወገብዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ያገናኛል? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? የልብስ ስፌት ሱቁ፣ ጎረቤቱ፣ ደንበኛው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ለክፉ አይስጠኝ፣ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ዘንዶ እንደነከሰኝ ሲሰሙ ምሳዎን ትተው እንደተነሡ፣ «ያንን ሥራ ጥላ አሁኑኑ ትመለስ» እንዳሉም ታናሽ እህቴ ነገረችኝ። ወሬ መንገድ ላይ ይወፍራልና እውነቱን ከእኔው እጅ ያንብቡት። ከዚያ የፈቀዱትን ይወስኑ።

የምሠራው ሰዎች ለጌጥ አሳድገው ሲከብዷቸው የሚጥሏቸው እንስሳት በሚጠለሉበት ግቢ ነው። የዘንዶዎቹንና የአርጃኖዎቹን ክፍል አጸዳለሁ። አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ምንም ነገር ስለማያስቸኩላቸው «እትዬ ዝግታ» እንላቸዋለን።

በመጀመሪያው ቀን በሩን ስከፍት ከአርጃኖው ጋር ተፋጠጥን። አርጃኖ እንሽላሊት ሆኖ ተወልዶ አዞ ነኝ ብሎ የሚኖር ፍጥረት ነው። አንገቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ ተነፈሰብኝና ጅራቱን ሲያወናጭፍ ባልዲዬ ግድግዳው ሥር ተገኘ፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ተገኘሁ። እትዬ ዝግታ ሳቁና «ጌታው ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ አይወድም፤ ነገ በሩን ቆርቆር አድርገሽ ትንሽ ጠብቂው» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። መግረፉን እንደሁ አልተወም፤ ነገር ግን ከመምታቱ በፊት ጅራቱን ወደ ጎን ሲያጥፍ መለየት ቻልኩ። አስጠንቅቆ የሚመታ ባላጋራ ጨዋ ነው አባባ፤ ከሰው እንኳ ስንቱ እንዲህ ያደርጋል?

የነከሰችኝ ዘንዶ ግን ሌላ ናት። ስሟን ኩርፊያ ብለናታል። ቆዳዋን ቢያዩት! በእጅዎ ካለፈው ጨርቅ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥለት አልነበረም፤ ቡናማው ከወርቅማው ተጋብቶ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያብለጨልጫል። ጠባይዋ ግን እሳት ነው። በመስታወት ቤቷ ፊት ባለፈ ሁሉ ላይ ትወረወራለች። መርዝ የላትም፤ አፏ ግን ልክ እንደዚያ መርፌ እንደሚሰኩበት ትራስዎ ነው።

በብርዱ ወራት እንቁላል ጣለች፤ ከምራ፣ ዙሪያውን ተጠምጥማ፣ አናቷን ከላይ አሳረፈች። የግቢው የእንስሳት ሐኪም እንቁላሎቹን ወስደን በማሞቂያ ሣጥን እንድናስፈለፍላቸው አስቦ ነበር። ሳንወስዳቸው ዐውሎ ነፋስ መጣና መብራት ጠፋ። ሣጥኑም ክፍሉም በረዱ፤ ትንፋሻችን እንደ ጢስ ይታይ ጀመር። ሐኪሙ «እንቁላሎቹ አይተርፉም፤ እሷን እንኳ አውጥተን እናድናት» አለ። እትዬ ዝግታ መስታወቱን ትክ ብለው አዩና «ቆይ እስቲ፣ ምን እየሆነች ነው?» አሉ።

ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲባል ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም» አለ። «ብርድ አይደለም፤ እየተንቀጠቀጠች እንቁላሎቿን እያሞቀች ነው።»

ማንም ስለ ማውጣት ዳግም አላነሣም። ብርድ ልብስ በመስታወቱ ዙሪያ ሰቀልን። ሙቅ ውሃ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኗ ማስቀመጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። ያን ጊዜ ነው የነከሰችኝ። ብልጭ ስትል አየሁ፣ ክንዴን ይዛ ለቀቀችኝ። ደሜ እየወረደ ቆሜ ሳያት፣ ያ ሁሉ ሲሆን ገላዋ ከእንቁላሎቹ ላይ ንቅንቅ አላለም ነበር። አናቷን መልሳ አሳረፈችና መንቀጥቀጧን ቀጠለች። ሐኪሙ ቁስሌን አጥቦ አሰረልኝ፤ አሁን ነጥብ ነጥብ ብቻ ቀርቶታል። እኔም ጠርሙስ መቀየሬን ቀጠልኩ፤ በወፍራም ጓንት ነው፣ አይቆጡኝ።

ድፍረት አይሁንብኝና አባባ፣ እርስዎንም ሰፈሩ «ቁጡ ናቸው» ሲልዎት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እማዬ ታማ በተኛችበት ጊዜ የልብስ ስፌት ማሽኑን አልጋዋ አጠገብ አምጥተው፣ ሊጠይቃት የመጣውን ሁሉ «ትተኛ!» እያሉ ሲመልሱ ስንቱ ተቀየመዎት። እኔ በበሩ ቀዳዳ አይዎት ነበር፤ በግራ እጅዎ ጨርቅ ይዘው በቀኝዎ ግንባሯን ሲዳስሱ። ኮርቼብዎት ነበር። ነግሬዎት አላውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መብራቱ ሲመለስ ኩርፊያ ከስታ ጠበቀችን፤ ምግብ አልነካችም። ሐኪሙ እንቁላሎቹን ለእሷው ትቶ የማሞቂያ ሣጥኑን ወደ መጋዘን መለሰው። ትናንት ጠዋት ቅርፊቶቹ ተሰነጠቁ። ጥቂቶቹ ተበላሽተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ተርፈዋል! ጠጋ ብዬ ሳይ አንዷ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ፣ ምላሷን ብቅ ጥልቅ አድርጋ መረመረችኝና፣ ገላዋ ገና እንቁላሉ ውስጥ እያለ አፏን ከፍታ ተወረወረችብኝ። እትዬ ዝግታ «ይኸው፣ የእናቷ ልጅ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ «እነዚህን የምትመግቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ልቆይ፣ አባባ? እሺታዎንና ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሲያነቡላት ስለ ክንዴ የሚለውን ይዝለሉላት። አያቴን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ለአጎቴና ለባለቤቱ፣ አዲስ ለተወለደችው ልጃቸውም ጤና ይስጥልኝ። ወሬ አቀባይዋን እህቴን ደግሞ ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርገው ይሳሟት።

ናፋቂ ልጅዎ

ከግቢው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን