ልምምድ ብትጠይቅ ከሳሽ ያደረጋችኋት ልጄ

«አመልካች ሦስት ጊዜ ስሟ ተጠርቶ ባለመቅረቧ መዝገቡ ተዘግቷል። ይግባኝ የማለት መብቷ የተጠበቀ ነው።»

ለተከበሩ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ወገብዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔ ወገብ በምድር ቤቱ ኮሪደር ካለችው መደገፊያ የሌላት አግዳሚ ወንበር ጋር ከተዋወቀ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት የፍርድ ቤትዎን ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው በሃያ ዓመት ልጄ ላይ ነው። ልጄ ማንንም አልከሰሰችም፤ ማንም አልከሰሳትም። የጠየቀችው ነገር ቢኖር እናንተኑ በነጻ እያገለገለች ሥራ መልመድ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። ልጄ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሕግ ማጥናት ትፈልጋለች። የሕግ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ በክረምቱ ስድሳ ሰዓት ሊያለማምዳት የተስማማ የሕግ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስከ ያዝነው ወር ሃያ ሰባተኛ ቀን ካላቀረበች ማመልከቻዋን ገልጦ አያይም። ያላንኳኳችው የጠበቃ በር የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ያንኳኳቻቸው በሮች አሥራ አንድ ናቸው። አንደኛው ጠበቃ «ልምድ ቢኖርሽ ኖሮ እናለማምድሽ ነበር» ብለው ሸኟት። ሌላኛው «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት፤ የእኔን ስም ስትነግራቸው «እሱ ደግሞ ማነው?» አሉና ስልካቸውን አነሱ። ሦስተኛው ተቀብለዋት አራት ቀን ሙሉ የልጃቸውን የሒሳብ የቤት ሥራ ካሠሯት በኋላ፣ ልጁ ፈተናውን ሲያልፍ አመስግነው አሰናበቷት።

በዚህ መሐል ነው በግቢዎ በር ላይ «ፍርድ ቤቱ ለሕግ ሙያ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች በደስታ ተቀብሎ ያለማምዳል፤ ማመልከቻ በመስኮት ቁጥር ሦስት» የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበችው። ስለ ደስታችሁ ያለኝን ምስጋና ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. በመስኮት ቁጥር ሦስት የተቀመጡት መዝገብ ከፋች ለሥራቸው ያላቸው ታማኝነት አስደንቆኛል። ልጄ ማመልከቻዋን ስትሰጣቸው «የኔ እህት፣ በዚህ መስኮት የገባ ወረቀት ሁሉ መዝገብ ነው፤ ተጠሪሽ ማነው?» አሏት። ተጠሪ ማለት የተከሰሰው ወገን እንደሆነ ታውቃለችና ማንንም እንዳልከሰሰች ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ሲስተሙ ያለ ተጠሪ አያሳልፍም ብለው «እሺ፣ ይሄን ልምምድ ከማን ነው የምትፈልጊው?» ሲሉ ጠየቋት። «ከፍርድ ቤቱ» አለች። «በቃ!» አሉና ጻፉት። በዚያች ደቂቃ ልጄ አመልካች፣ የሚመሩት ፍርድ ቤት ደግሞ ተጠሪ ሆኖ መዝገብ ተከፈተ፤ ቁጥርም ቀጠሮም ተሰጣት። እሷ የቃለ መጠይቅ ቀን መስሏት እየሮጠች ወደ ቤት መጣች፤ እናቷም ነጭ ሸሚዝ ገዛችላት።

2ኛ. ለቀጠሮዎቹ ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ተጠሪው፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ፣ መጥሪያ ስላልደረሰው ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ይህን ያሉት ዳኛ የተቀመጡት በተጠሪው ቤት፣ በተጠሪው ወንበር ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዳኛው «ወጣቶችን ወደ ፍትሕ ሥርዓቱ ማቅረብ» በሚል ርዕስ ስልጠና ላይ ስለነበሩ አልተሰየሙም። በሦስተኛው ቀን ተጠሪው መልሱን አዘጋጅቶ ባለማቅረቡ ፍርድ ቤቱ ለራሱ የሦስት ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ፈቀደ። ልጄ ስህተቱን ለማስረዳት ችሎት በተሰየመባቸው ሁለት ቀናት ሦስት ጊዜ እጇን አንስታለች፤ ሁለት ጊዜ «ተራሽን ጠብቂ»፣ አንድ ጊዜ «ጠበቃ አቁሚ» ተብላለች። ጠበቃ ቢቀበላት ኖሮ እናንተ ዘንድ ባልመጣች!

3ኛ. ወደ አራተኛው ቀን ልምጣ። ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ነበርኩ፤ ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። መጥሪያው ላይ ክፍል ዘጠኝ ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ በክፍል ዘጠኝ በር ፊት ተቀመጥን። በሩ ተቆልፏል። እስከ ስድስት ሰዓት ከዚያች ወንበር ለውሃ እንኳ አልተነሣንም። በስድስት ሰዓት ወለሉን እየወለወሉ የመጡ የጽዳት ሠራተኛ ቀና ብለው አዩንና «ውይ ልጄ! እነሱ እኮ ጠዋት ፎቅ ላይ ወጥተዋል፤ ይሄኛው ጣሪያው ያፈሳል» አሏት። ሮጠን ስንወጣ ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መዝገቡ ተዘግቶ ነበር። ችሎቱ መዛወሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለምን አልተለጠፈም ብዬ ስጠይቅ፣ ስም ጠሪው መለጠፉን አረጋገጡልኝ፤ ወርደውም በሩን ከፍተው አሳዩኝ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ። እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝና ጣሪያውንም አየሁት፤ የሚያፈሰው ከላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ነው፣ በግማሽ ቀን ይጠገናል። ለጽዳት ሠራተኛዋ ግን ያለ አንዳች ሽሙጥ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ለአንድ ባለጉዳይ እውነቱን የነገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

4ኛ. እስከዚህ ድረስ ቢሆን እኔም ከዘመድ ጋር ስቄበት በተውኩት። ሳቄን ያጠፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በአክስቷ በኩል አንዲት ጠበቃ ሊቀበሏት ተስማሙ። ስሟን በፍርድ ቤቱ ሲስተም ላይ ሲፈልጉት ግን መዝገቡ ወጣ፤ ደውለውም «እባካችሁ አትቀየሙኝ፣ ፍርድ ቤቱን ከሳ የነበረችን ልጅ ቢሮዬ ባስገባ ነገ ችሎት ፊት የምቆመው እኔ ነኝ» አሉ። የትምህርት ክፍሉ ቅጽም «በስምሽ የተከፈተ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጄ ዋሽታ አታውቅም፤ «አለ» ብላ ሞልታዋለች። ይሰረዝልን ብዬ ስመጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው «ጋሼ፣ የተዘጋ መዝገብ አይሰረዝም፤ ቅር ካለዎት ይግባኝ ይበሉ» አሉኝ። ልምምድ ስለተነፈገች ተማሪ የበላይ ፍርድ ቤት ሄጄ እንድከራከር መሆኑ ነው። የሚናገሩት ከልባቸው ነበር፤ ቅጹንም ሰጡኝ።

የተከበሩ ፕሬዚዳንት፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ልጄ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «አባዬ ተው፣ ነገ እነሱ ፊት ነው የምቆመው» አለችኝ። በሃያ ዓመቷ፣ ገና ደጃችሁን ሳታልፍ፣ ከእናንተ የቀሰመችው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ የተበደለ ሰው ዝም ቢል ይሻለዋል የሚለው። ሕጉን ትታ ሌላ ትምህርት ልትመርጥ እንደምትችል ትናንት እራት ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነግራናለች፤ እናቷ ከገበታው ተነሥታ ሄደች። እኔ ግን ተቆጣሁ፣ አሁንም እንደተቆጣሁ ነው። ስሟን ያልጻፍኩት ስለለመነችኝ ነው፤ የመዝገቡን ቁጥር ለጽሕፈት ቤትዎ ብቻ በታሸገ ፖስታ ልኬአለሁ፣ የተቀበሉት ሠራተኛም ፈርመውልኛል።

የምጠይቀው ይቅርታ አይደለም። መዝገቡ የተከፈተው በፍርድ ቤቱ ስህተት መሆኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥና ከስሟ ላይ እንዲነሣ፣ ይኸው ለትምህርት ክፍሉ እንዲገለጽ፣ በራሳችሁ ማስታወቂያ ቃል የገባችሁት የልምምድ ደብዳቤም እንዲሰጣት ነው። በቃል «እናየዋለን» የሚል መልስ አልቀበልም። ፊርማና ማኅተም ያለበት መልስ በያዝነው ወር በሃያ አራተኛው ቀን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ።

ለፍርድ ቤቱ ያለኝን አክብሮት፣ በጉልበቴ የቀረውን ያህል፣ በድጋሚ እየገለጽኩ፣
ትእግሥቱን በምድር ቤት ኮሪደር ያስመረመሩለት፣
የአመልካቿ አባት

ማሳሰቢያ፦ የጠየቅኩትን የማረጋገጫ ደብዳቤ ማርቀቅ የሚችል ሠራተኛ ለጊዜው ካልተገኘ ልጄን ይጥሩልኝ፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ፣ እዚያው ቆማ ትጽፍላችኋለች። ያቺን ሰዓት ከስድሳዋ የመጀመሪያዋ አድርጋችሁ ቁጠሩላት። የእርስዎ ድርሻ መፈረም ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ሃያ አራተኛው ቀን።