መንገድ ላይ ናት

ርብቃ፣

ስልክሽን ቻርጅ ላይ ትተሽ ቅዳሴ እንደሄድሽ አክስትሽ ከመናኸሪያ ደወሉ። ከጉና አንድ ጆንያ ድንች ይዘውልሽ መጥተዋል። "ቤተክርስቲያን ናት" ማለት ሲገባኝ፣ አፌ ያንቺን ጸባይ ለምዶ "መንገድ ላይ ናት፣ ደረሰች" አላቸው። ብርድ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁሽ ነውና ነጠላሽን ሳታወልቂ ሂጂ። ይቅርታ በይልኝ።

ቅዳሜ እኔንም "ደረስኩ" እያልሽ ዝናብ ላይ ስታቆሚኝ፣ የአከራያችን አውራ ዶሮ በስልክሽ ውስጥ ሲጮኽ ሰምቻለሁ።
ዝም ያልኩት አውቄ ነው።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቂያለሽ። አሁን ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚወስደኝ ሾፌር ደውሎ "የት ደረስሽ?" አለኝ። ጫማዬን እየፈለግሁ "አስፋልቱ ጋ ነኝ" አልኩት።

ያ ዶሮ ጮኸ።

ሀናን