ታጋሽ በርበሬ

ሰኞ

ማተሚያ ቤቱ እስከ ሐሙስ ካላመጣሽ ወረፋሽ ያልፋል አለኝ። ሆቴሉ ለእንግዶቹ በስጦታ የሚሰጠው ሽሮና በርበሬ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ አልቋል። የቀረው እሽጉ ላይ የሚለጠፈው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

እሱን የጻፉልኝ ጋሼ ኃይሉ ናቸው። እሳቸው ለውጭ ሰባኪዎች ሲያስተረጉሙ እየሰማን ነው ያደግነው። በነጻ ስለሠሩልኝ ደግሞ አይሆንም ማለት ይከብዳል። ሽሮውን «ስዊት ሃንድ» ብለውታል፣ እጀ ጣፋጭ ለማለት። በርበሬውን «ፔሸንት»፣ ታጋሽ። ቀስ ብሎ ስለሚያቃጥል ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ፈረንጅ እንዲህ ይላል ወይ? የኔ እንግሊዝኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከታተመ በኋላ መፋቅ የለም። እንግዶቹ ከሳቁ ሆቴሉ ሁለተኛ አያዘኝም።

ማክሰኞ

ሳሙኤልን ጠየቅሁት። ግቢዬ ተከራይ ነው፣ አስኮ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። የጋሼን ጽሑፍ ገና ሲያይ «አሪፍ ነው እትዬ» አለ። ስልኬ ላይ ያለውን ኤአይ ብጠይቀውም ግሩም አባባል ነው አለኝ። ስልኬ ያልኩትን ሁሉ ግሩም ይላል።

አልተዋጠልኝም። በርበሬ ሳያገላብጥ የሚገዛኝ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አፍሮኛል። ሳሙኤልን ልፈትነው ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ማሪድ ሚጥሚጣ»። ያገባች ሚጥሚጣ። ከራሴ ነው ያወጣሁት።

ረቡዕ

ጠዋት ሳሙኤል ወደ ታክሲ ሲወጣ ያዝኩት። ጋሼ አንድ ጨምረዋል አልኩት። «እሱም ያስኬዳል» አለ።

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቆመ። ከዚያ ሳቀ። «እትዬ፣ ሚስቴን የጠየቁልኝ ጋሼ ናቸው። ሽማግሌዬ የጻፉትን እንዴት ብዬ ነው የማርመው?»

አልፈረድኩበትም። የጋሼን እጅ ጽሑፍ እንዳለ ይዤለት መሄዴ ነው ስህተቱ።

ለአዲስ ደንበኛ በርበሬ ሳሳይ ሁለት ሳህን አቀርባለሁ፤ የትኛው ውድ እንደሆነ አልናገርም። እንግሊዝኛውንም እንደዚያ አደረግን። ሳሙኤል ለእያንዳንዱ ስም ተራ የሆነ ሌላ ስም ሠራለት፣ እኔ ሁሉንም በእጄ ገለበጥኩ። ትምህርት ቤታቸው አንዲት እንግሊዛዊት አለች። ልክ ነው ወይ ብለህ እንዳትጠይቃት፣ የቱን ትገዣለሽ በላት አልኩት።

ማምሻውን መጣ። «ስዊት ሃንድ»ን ትታዋለች። ስኳር የገባበት መስሏታል፤ የእጅ መጣፈጥ እነሱ ዘንድ አይባልም። «ፔሸንት»ን እንዲህ ሲባል ሰምታ አታውቅም፣ ግን እሱን ነው ያነሳችው። የት ይሸጣል ብላለች።

ሚጥሚጣዬስ አልኩት። ባሏ ማነው ብላለች።

ሐሙስ

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ጋሼ ቤት ገባሁ። ሳልነግራቸው ብለውጠው ከሌላ ሰው ይሰሙታል። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ጋሼ፣ ስዊቱን አውጥቼዋለሁ። ለፈረንጅ ስኳር ያለበት ይመስላል።»

እሳቸውም፦ «ታጋሹስ?»

«እሱ አለ። ተወዷል።»

ሳሙኤል አይቶት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይቶታል አልኩ። ታዲያ ምነው ዝም አለኝ አሉ።

«ሽማግሌው ነዎት እኮ።»

አልሳቁም። እስከ በር ግን ሸኙኝ። ስወጣ ቀጥሎ ሚጥሚጣ እንደማሽግ፣ ስም ግን እንዳጣሁለት ነገርኳቸው። ተቀይመው ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ማተሚያ ቤቱ ያለበት ጦር ኃይሎች እስክደርስ ይኸው ነበር ሐሳቤ። ሽሮው ላይ «የተቆላ የአተር ሽሮ» የሚለውን ተራውን እንግሊዝኛ አስጻፍኩ።

ቅዳሜ

እሽጎቹ ትናንት ሄዱ። ሆቴሉ ተረክቧል፤ እንግዶቹ ምን እንደሚሉ ገና አላውቅም።

ከሰዓት የጋሼ ባለቤት እትዬ ብርቄ ሱቅ መጡ። ሽሮ ገዙ፣ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ለሚጥሚጣው ሦስት አዲስ የእንግሊዝኛ ስሞች። ጋሼ እየተናገሩ እትዬ ብርቄ ናቸው የጻፉት። «ለሳሙኤል ስትሰጪው ከማን እንደመጣ አትንገሪው ብሏል» አሉኝ።

ሳሙኤል ሲገባ ምንም ሳልል ዘረጋሁለት። የመጀመሪያውን ገና አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ አይሆንም፣ እትዬ።»