በእሳቱ ሰ የተጻፈው

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞው ወዳጄ፤

ከአርባ ዓመት ዝምታ በኋላ ጤናህን መጠየቅ ድፍረት ቢሆንብኝም፣ እንደምን ከርመሃል? የደብረ ሲና ብርድ ጉልበትህን እንደሚያምህ አብዱሰላም ነግሮኛል። ከወባ ማጥፊያ ባልደረቦችህ እዚህ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ በእጁ የሚያደርስልህ እሱ ነው። እኔ ዐይኔ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሮቢትን ሙቀት አታንሣብኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ግቢዬ ውስጥ የተከራየች ሳምራዊት የምትባል ነርስ አለች። ባለፈው እሑድ በስልኳ አንድ ነገር ከፍታ ስታዳምጥ ሰማሁና የምልጠውን ሽንኩርት አስቀምጬ ተነሣሁ። ያንተ ኦርጋን ነበር። ዘፋኝ የሌለው፣ ከበሮ የሌለው፣ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ቀስ ብሎ የሚነሣበት ያ ሥራህ። አንድ ሰው ከካሴቱ ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ስንት ሺህ ሰው እንደሰማው ሳምራዊት ነገረችኝ፤ አላመንኋትም። የሰጡትን አስተያየት አሳዪኝ አልኋት።

አንድ የደሴ መስመር ሹፌር ጣርማበርን ሲወጣ ከዚህ ሌላ ካሴት ከፍቶ እንደማያውቅ ጽፏል። አንዲት ሴት እናቷን ባስታመመችበት ክረምት ሁለቱም ዕረፍት ያገኙት በዚህ እንደሆነ ትናገራለች። አንዱ ደግሞ ሙዚቃው የሚጀምረው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው የእኛ ቤት ፍሪጅም እንዲሁ ነው የሚጮኸው፣ ካሴት ያወጣለት ግን የለም ብሎ መልሶለታል። ሳቅሁ፤ ይቅር በለኝ። መነጽሬን አድርጌ የፊደል ግድፈታቸውን ስቆጥር ሳምራዊት «እትዬ፣ እነዚህ እኮ ተማሪዎችዎ አይደሉም» አለችኝ።

ከዚያ በታች ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። የካሴቱ ልባስ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ በላዩ በትልቁ «ሰረቀ» ይላል። ሰዎቹ ይህን ይዘው ከፈረንጅ የሰረቀው ነው፣ ርእሱ ራሱ ተናዟል ይላሉ። አንተም በስምህ ገብተህ የራስህ ሥራ መሆኑን፣ ርእሱም ብርሃን ወጣ ማለት እንደሆነ ጽፈሃል። አንዱ ምን ብሎ መለሰልህ? «አባባ፣ ብርሃን የሚወጣው በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ሰ የሚወጣ ሌባ ነው።» በማግስቱ ካሴቱን ያወጣውን ሰው አጥፋልኝ ብለህ ለመንኸው። እሱም በመጪው ሰኞ አጠፋዋለሁ ብሏል።

እንግዲህ የምነግርህን በጥሞና አንብብ።

ርእሱን በካሴቱ ላይ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ታውቃለህ። የብርሃንን መውጣት በግእዝ ምን ይሉታል ብለህ ስትጠይቀኝ ቃሉን የነገርሁህም እኔ ነኝ። የማታውቀው፣ በእሳቱ መጻፌ ስሕተት አለመሆኑን ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር በሠ እና በሰ ተሳስቼ አላውቅም።

ያን ሰኔ አስታውስ። ከሥራ በኋላ የምትጫወትበት የኪነት ቡድን ኦርጋን የሚቀመጠው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ሶኬት ያለውም የመምህራን ክፍል ብቻ ነበር። አንተ ጥግ ይዘህ ትቀዳለህ፣ እኔ መስኮቱ ሥር የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ወረቀቱን ሳርም እንደማንጎራጉር እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ርእስ እንድጽፍበት ካሴቱን ስትሰጠኝ ቤቴ ወስጄ አዳመጥሁት። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ ከኦርጋኑ በስተኋላ፣ የእኔ ድምፅ አለ። አንተ ሳትሰማው አልቀረህም፤ ግን አልነገርኸኝም፣ አላስፈቀድኸኝም። ካሴቱ ተባዝቶ በየአውቶቡሱ ሲከፈት መንገደኛ ሁሉ ሊሰማኝ ነው ብዬ ፊቴ ጋለ። ብዕሬን አነሣሁና በእሳቱ ጻፍሁት። አንተ የቄስ ትምህርት ቤት አልዋልህም፤ የእጅ ጽሑፌን አይተህ እንዴት ያምራል አልኸኝና ወሰድኸው።

ከዚህ ስትዛወር ልትሰናበተኝ መጥተህ ምን አስቀየምሁሽ አልኸኝ። «ጽፌልሃለሁ፤ አንብበው» አልሁህ፣ እንደማይገባህ እያወቅሁ። ባርኔጣህን በእጅህ እያዟዟርህ በሩ ላይ ጥቂት ቆምህ። ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር ያለህ መሰለኝና ጠበቅሁ። አልጠየቅኸኝም፤ ሄድህ።

ስንቱን ተማሪ በአንድ ፊደል ስቀጣ ኖሬ፣ ሆን ብዬ ያበላሸሁት የእኔው ፊደል አንተን ሌባ አሰኘህ። ሳምራዊት ስልክ ደውዬ እንድነግርህ መክራኝ ነበር። በጽሑፍ ያጠፋሁትን በጽሑፍ ነው የማርመው አልኋት።

ስለዚህ ትናንት ከሙሉ ስሜ ጋር ይህን በስልኳ አስጻፍኋት፦ «ርእሱን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ትክክለኛው በንጉሡ ሠ ነው። ሰውየው ከማንም ፈረንጅ አልሰረቀም።» ፊደሉን አንድ በአንድ አይቼ ነው ያስላክሁት። ሌባ ያለህ ሰው ይቅርታ ጠይቆሃል፤ ሹፌሩም እንዳይጠፋ እየተማጠነ ነው። እባክህ ሰኞ ሳይደርስ ካሴቱን ላወጣው ሰው አታጥፋው በለው።

አንዲት አድማጭ ግን «እሺ መምህርት፣ ታዲያ ያኔ ለምን በእሳቱ ጻፉት? ምን ሰርቆዎት ነው?» ብላኛለች። ሳምራዊት ምን ልመልስላት ስትለኝ ወረቀትና ብዕር አምጪልኝ አልኋት። ብዙ ሰውም መጨረሻ ላይ የምታንጎራጉረው ሴት ማን ናት እያለ ይጠይቃል። ብትነግራቸው አልቀየምም። አስቀድመህ ግን መጥተህ እኔን ጠይቀኝ። ቤቴ ያው የድሮው ነው፤ የምታስፈቅደው ሌላ ሰው የለበትም።

እመ ብርሃን ጤናህን ትመልስልህ፤ ጣቶችህንም ከብርድ ትጠብቅልህ።

ያልተለወጠች ወዳጅህ