ከቀኝ ወደ ግራ የወረደው የእርሳስ መስመር

ዛሬ የምንሸኛቸው አክስቴ ከአባታቸው ከሰዓት ሠሪውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ኅዳር 6 ቀን 1931 ዓ.ም. ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ማንኪያ መያዝ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ግራ እጃቸውን ስለሚያስቀድሙ ሰፈሩ «ግራዬ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። እናታቸው ነገሩ እንዲታረም ብለው ግራ እጃቸውን ከወገባቸው ጋር በጨርቅ ያስሩባቸው ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ከሥራ ጠረጴዛቸው ቀና አሉና «በዚያ እጇ የገጠመችው ሰዓት ሲዘገይ አላየሁም፤ ተያት» አሉ። ጨርቁ የዚያኑ ዕለት ተፈታ።

በ1937 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ የመምህሩ ማስመሪያ ጠበቃቸው። በግራ እጃቸው እርሳስ ባነሱ ቁጥር ጣታቸው ላይ ያርፍ ነበር። አክስቴ እልኸኛ ነበሩ፤ አልቅሰውም አያውቁም። በቀኝ እጃቸው ለመምህሩ፣ በግራ እጃቸው ለራሳቸው መጻፍ ለመዱ። ሂሳብ የሚሠሩት ለራሳቸው ነበርና በ1949 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ በሂሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጡ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በሂሳብ አንደኛ ስትወጣ የምታገኘው ሽልማት ጭብጨባና የጸሐፊነት ሥራ ነበር። ጭብጨባውን ተቀብለው በ1950 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ።

የተቀጠሩበት ክፍል ከምድር ቤት፣ ከፓምፕ መጋዘኑ አጠገብ ነበር። ስምንት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው እጀታው እየተዘወረ የሚሠራ የሂሳብ ማሽን ቀኑን ሙሉ ያዞራሉ። ከጩኸቱ የተነሳ መሥሪያ ቤቱ ክፍሉን «ወፍጮ ቤት» ይለው ነበር። በመዝገብ ላይ ሁሉም ጸሐፊዎች ናቸው፤ የሚሠሩት ግን ለግድቦች፣ ለቦዮችና ለድልድዮች የሚያስፈልገውን የውሃ ስሌት ነው። አሠራራቸው ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱን ስሌት ሁለት ሴቶች፣ አንዳቸው የሌላይቱን ወረቀት ሳያዩ ይሠሩታል። መልሱ ካልገጠመ ማን ተሳሳተ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አክስቴ ትዳርንም ልጅ ማሳደግንም በዚህ ሕግ መሩት። ቤታቸው ውስጥ ጥፋተኛ ሲፈለግ አይቼ አላውቅም፤ እንደገና ሲጀመር ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በ1955 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አስመጣ። በበር አልገባ ስላለ ግድግዳ ፈርሶ ገባ። መሐንዲሶቹ ነጭ ካፖርት ተሰፋላቸው። ማሽኑ ትእዛዝ የሚቀበለው በቀዳዳ ከተሞሉ የወረቀት ካርዶች ነበርና ካርዱን የመብሳት ሥራ፣ ያው መተየብ ነው ተብሎ፣ ለወፍጮ ቤት ሴቶች ተሰጠ። ትልቁ ስህተታቸው ይህ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ካርዱን የምታውቀው ሴት ደግሞ ማሽኑን ከማወቅ የሚያግዳት የለም። አክስቴ የማሽኑን መጽሐፍ ከክፍሉ ኃላፊ ጸሐፊ እየተዋሱ፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው፣ በምሳ ሰዓት አራት ወር አነበቡት። በአምስተኛው ወር መሐንዲሶቹ የሚያመጡትን ሥራ «ይህ አይሄድም» እያሉ መመለስ ጀመሩ።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ በኋላ ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ካርዶች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ካርዶቹ ተደርድረው ሳሉ በክምሩ ጎን ላይ በእርሳስ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ክምሩ ወድቆ ቢበተን እያንዳንዱ ካርድ ጠርዙ ላይ የመስመሩን አንዲት ነጥብ ይዞ ይቀራል፤ ነጥቦቹን ማገጣጠም ነው። ሰባቱ ሴቶች ከግራ ወደ ቀኝ ያሰምሩ ነበር። ግራዬ ከቀኝ ወደ ግራ።

በ1957 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ከከተማው በላይ፣ በወንዙ ዳር የቆመውን የውሃ መለኪያ ምሰሶ እያነበቡ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በስልክ የሚያስተላልፉ ሠራተኛ ነበሩ። ስልኩን የሚቀበሉት አክስቴ ናቸው። አንድ ዝናባማ ጠዋት የተነገራቸው ቁጥር ከትናንቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆነባቸው። «ከአልጋዎ ሳይወርዱ ነው ያነበቡት?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው እውነቱን አመኑ፤ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፤ ተመልሰው ደወሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቁጥር አልዋሹም፤ ስልኩም እየረዘመ ሄደ። አርባ አንድ ዓመት በፍቅር ኖረው፣ ዛሬ ሐኪም የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና አናጢ የሆነውን ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

በ1959 ዓ.ም. አክስቴ የሕይወታቸውን ትልቅ ሥራ ሠሩ። ባለቤታቸውና ሌሎች አራት የምሰሶ አንባቢዎች የሚልኩትን ቁጥር ተቀብሎ ወንዙ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድሞ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ካርድ ነበረው። የወፍጮ ቤት ሴቶች የማሽኑን መልስ በእጃቸው እያሰሉ ፈተኑት፤ ባልገጠመ ቁጥር፣ በሕጋቸው መሠረት፣ ማሽኑም እነሱም ከመጀመሪያው ጀመሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከተማው ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ፣ ማሽኑ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታችኛው ሰፈር በውሃ እንደሚዋጥ አተመ። የክፍሉ ኃላፊ በመስኮት ሰማዩን አይተው አመነቱ። አክስቴ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡና «ዝናቡ የዘነበው እዚህ አይደለም፤ ላይ ነው። ውሃው አሁን መንገድ ላይ ነው» አሏቸው። ኃላፊው ስልኩን አነሱ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። ውሃው በማግስቱ መጣ፤ ቤት ወሰደ፣ ድልድይ ወሰደ፣ አንድም ሰው ግን አልወሰደም። ከተሰላው ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድሞ በመምጣቱ አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጩ ኖረዋል። ሰው ሁሉ ሲያመሰግናቸው እሳቸው ስለ አርባዋ ደቂቃ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር።

ሰው ሁሉ ስል ጎረቤትና ዘመድ ማለቴ ነው። በ1960 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ለሥራው ሜዳሊያ አዘጋጀ፤ ሜዳሊያው ለኃላፊው ተሰጠ። «ፕሮግራሙን የደረሱት» የሚል ሰሌዳ ከኃላፊው ስም ጋር በዋናው ደረጃ ላይ ተሰቀለ። የወፍጮ ቤት ሴቶች ለበዓሉ ወንበር እንዲደረድሩ ታዘዙ፤ ደረደሩ። አክስቴ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ መጣላቸው፦ በመዝገቡ መሠረት ጸሐፊ ናቸው፣ ጸሐፊ ደግሞ ይተይባል እንጂ አይደርስም። ደብዳቤው ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እሳቸው ግን ከመናደድ ይልቅ አዝነው ነበር። ለእናቴ፣ ለታናሽ እህታቸው፣ «የወለድኩትን ልጅ በሰው ስም ሲጠሩት ስሰማ ነው የምውለው» ብለዋታል። በዚያ ደረጃ፣ በዚያ ሰሌዳ ሥር፣ አሥራ ሦስት ዓመት ወጡ ወረዱ።

በ1973 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር አዲስ ኮምፒውተርም መጣ። የጎርፉ ፕሮግራም ክረምቱ ሳይገባ ወደ አዲሱ ማሽን መገልበጥ ነበረበት፤ ታችኛው ሰፈር ተመልሶ ተሠርቶ በሰው ሞልቷል። ዕቃ ጫኞቹ የካርዱን መሳቢያዎች ገለበጧቸው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ካርድ በደረጃው ላይ ፈሰሰ፤ ተሰብስቦም በጆንያ ገባ። ሰሌዳው ደራሲው ኃላፊው ናቸው ስለሚል፣ አንዲት አዲስ መሐንዲስ ጆንያውን ለእሳቸው ወስዳ አስረከበች። ኃላፊው ቢሯቸውን ዘግተው ሦስት ቀን ከካርዱ ጋር ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ጆንያውን ራሳቸው ተሸክመው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ካርድ መብሻው ክፍል ገቡ። ሴቶቹ ሁሉና መሐንዲሷ እየሰሙ «አልቻልኩም። የእኔ አይደለም» አሉ።

አክስቴ ረጅሙን ጠረጴዛ አስጠርገው ካርዶቹን በጠርዛቸው አቆሟቸው። በነጥባቸው ከፍታ እየለዩ በግራ እጃቸው ደረደሯቸው፤ ነጥባቸው የተቀራረበውን ደግሞ የተበሳውን እያነበቡ አስተካከሉ። ሥራውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምረው ለምሳ ጨረሱ። ክምሩ ሲገጥም በጎኑ ላይ አንድ የእርሳስ መስመር ሙሉ ሆኖ ወጣ። መሐንዲሷ ከመደርደሪያው የሌሎች ፕሮግራሞችን ክምር አውርዳ አጠገቡ አስቀመጠች፤ የሁሉም መስመር ወደ ቀኝ ይወርዳል፣ የዚህኛው ብቻ ወደ ግራ። ይህን ያሰመረው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ዞረ። አክስቴ እጃቸውን አነሱ፤ ግራውን።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፕሮግራሙ በአዲሱ ማሽን ላይ ሠራ። ኃላፊው አክስቴ ቤት ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰሌዳውን ሌሎች እንደጻፉት፣ የእሳቸው ጥፋት ዝም ማለታቸው እንደሆነ ተናገሩ። አክስቴ ይቅር አሏቸው። ይቅር ካሏቸው በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበሏቸውና ያንኑ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩት አደረጉ። በ1974 ዓ.ም. አዲስ ሰሌዳ ሲዘጋጅ መሥሪያ ቤቱ የአክስቴን ስም ብቻ አስቀርጾ አመጣ። አክስቴ አልቀበልም ብለው መለሱት፤ ስሌቱን የፈተኑት ሰባት ሴቶች እኮ አልተጻፉም። ሰሌዳው እንደገና ተቀረጸ። በተሰቀለበት ቀን የስምንቱን ሴቶች ስም ጮክ ብለው ያነበቡት እኒያው ኃላፊ ነበሩ፤ ያንን ቀን ወንበር የደረደሩትም ነጭ ካፖርት የለበሱት መሐንዲሶች ናቸው። እናቴ እንደምትለው አክስቴ ከሠርጋቸው ቀን ይልቅ ያን ቀን አምረው ነበር።

ከዚያው ዓመት ጀምሮ በ1991 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ የኮምፒውተር ክፍሉን በኃላፊነት መሩ። ከግማሽ በላዩ ሴቶች የሆኑ ከሁለት መቶ በላይ ወጣቶችን አሠለጠኑ። የካርዱ ዘመን እስኪያልፍ ድረስ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው አንድ ነበር፦ ተማሪው ለፍቶ የደረደረውን ካርድ መሬት ላይ መበተን። መስመር ያሰመረ በሳቅ ይለቅማል፤ ያላሰመረ ያን ቀን ይማራል። በእኛም ቤት ያልተሰመረ ነገር አልነበረም፤ የፎቶግራፎቻችን ክምር፣ የደብተሮቻችን ቁልል፣ እናቴ ከየመጽሔቱ የቆረጠቻቸው የልብስ ንድፎች ሳይቀሩ ጎናቸው ላይ የእርሳስ መስመር አለባቸው።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከሴት ልጃቸው ጋር ኖሩ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የጀመረው ከግራው ነው። «ብዙ ስላሠራሁት ነው፤ ይረፍ» አሉና በቀኛቸው መጻፍ ጀመሩ። በመጨረሻም ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ85 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው እናቴ፣ ተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም ከወፍጮ ቤት ስምንት ሴቶች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለቱ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ይሸኟቸዋል።

ይህን ወረቀት ከማደላችን በፊት ሴት ልጃቸውና እኔ ሁሉንም ደርድረን በጎኑ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አስምረናል፤ ከቀኝ ወደ ግራ። የያዛችሁትን ወረቀት ጠርዙን ብታዩት አንዲት ነጥብ ታገኛላችሁ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ነጥብ ከእናንተ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች፤ የማንም ነጥብ ከሌላው ጋር እኩል አይደለችም። ዛሬ ከዚህ ተነስተን በየቤታችን እንበተናለን። ነጥቧን አታጥፏት።

ፈጣሪ የአክስቴን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ እኛንም በየቦታችን ያቆየን።