ኮኖንጎን ያሳቀው ፊልም

ይድረስ በታኮራዲ ወደብ ለምትሠራው ልጄ ለየቦዋ። ጤናህን እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ኮኖንጎ፣ ጆሮዬን ካደነቆረው የሰው ሳቅ በቀር፣ ደህና ነን።

ሰሞኑን ቪዲዮ ቤቱ ያመጣው ፊልም ሰዉን አሳብዶታል። አንድ ቤተሰብ ፍየል ሰርቆ የሸሸ አማቹን በመኪና ሲያባርር ይውላል፤ ሌላ ቁም ነገር የለውም። ፀጉር ሠሪዋ ሴርዋ «ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ» ትላለች። እሷ እንደሆነች ወንበር ሲወድቅም ትስቃለች። የፓስተሩ ሚስት ደግሞ «አስተማሪ ፊልም ነው» አለችኝ። «ምን አስተማረሽ?» ብላት «ቤተሰብ አንድ ላይ ሲሮጥ ደስ አይልም?» አትለኝም መሰለህ!

መኪና ያለበት ፊልም ሲያልቅ ፍርዱን የሚሰጠው አባትህ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ሳይናገር ማንም ከወንበሩ አይነሳም። በፊልሙ መኪናዋን ስታከንፍ የዋለችው ጥርስ የሌላት አያትየዋ ናት፤ ሰዉም የሳቀው በእሷ ነው። አባትህ ተነሣና «ያ ጎረምሳ መንዳት ያውቅበታል!» አለ። ቀልድ መስሏቸው አዳራሹን በሳቅ አናጉት። እሱም ዘግየት ብሎ አብሯቸው ሳቀ። እኔ ግን ዓይኑን አየሁና አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ለቅሶ ለመድረስ ኦቡዋሲ ድረስ የሚሄዱትን የሠፈር ሰዎች በሚኒባስ የሚወስደው እሱ ነው። «መሪዬን ለባዕድ አልሰጥም» ብሏል። አንተ ባዕድ አይደለህም፤ ዓርብ ና። እናቴ ጠራችኝ እንዳትል። መሪ መያዝ ናፈቀኝ በለው።

የሠፈሩ ሰው ሁሉ እየሳቀ ሰላም ብሎሃል።

እናትህ አኮሱዋ